የመብራት ቢላችንና የማዲጋን የፍርድ መዝገብ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ቺካጎ ከገባሁ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሥራ ቦታ ሰዎች ስለ አንድ ማዲጋን ስለሚባል ሰው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «ሌባ ነው፣ መታሰሩ ያንሰዋል» ይላል። ሌላዋ «ለሰፈራችን እንደሱ የሠራ የለም» ትላለች። ሰውዬው በምን ታሰረ? ደግሞስ ግሪን ካርድ ይዤ ለተቀመጥኩት ለእኔ ምኔ ነው? ባለቤቴ «የነሱን ፖለቲካ ተዪው፣ ኪራያችንን እናስብ» ይለኛል።

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። ጉዳዩ ይመለከትሻል። የመብራት ቢልሽን አውጪና እዪው። ኮምኤድ የሚል ስም አለበት አይደል? የማዲጋን ክስ ዋናው ክፍል የዚሁ ድርጅት ጉዳይ ነው።

ማይክል ማዲጋን የዋሽንግተን ሰው አልነበረም። የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል ነበር፤ እኛ አገር የክልል ምክር ቤት እንደምንለው። የሚሰበሰቡት እዚህ ሳይሆን በግዛቱ ዋና ከተማ በስፕሪንግፊልድ ነው። በ1970 ተመረጠ። በ1983 አፈ ጉባኤ ሆነ። ሪፐብሊካኖች ከያዙት ሁለት ዓመት በስተቀር እስከ 2021 ከወንበሩ አልወረደም። በድምሩ 36 ዓመት! በአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች ታሪክ ይህን ያህል የቆየ አፈ ጉባኤ የለም። እኔ እዚህ ስገባ እሱ ነበር። ዜጋ ስሆን እሱ ነበር። ልጄ ኮሌጅ ስትገባም እሱ ነበር። በዚህ መሀል ራያንና ብላጎየቪች የሚባሉ ሁለት ገዢዎች ከሥልጣን ወርደው ወህኒ ገብተዋል።

አፈ ጉባኤ ሲባል ስብሰባ የሚመራ ብቻ እንዳይመስልሽ። የትኛው ረቂቅ ሕግ ለድምፅ ይቅረብ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚለው በእሱ እጅ ነበር። ከ1998 ጀምሮ የግዛቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሊቀ መንበርም ነበር። ለዕጩዎች የሚሰጠውም የምርጫ ገንዘብ በእሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ከስፕሪንግፊልድ የሆነ ነገር የሚፈልግ ሁሉ በእሱ በር ማለፍ ነበረበት።

ኮምኤድም በዚያው በር አለፈ። በ2011 ድርጅቱ ትልቅ ሕግ ይፈልግ ነበር። ቀድሞ ዋጋ ለመጨመር ተቆጣጣሪው ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ረጅም ክርክር ማድረግ ነበረበት። አዲሱ ሕግ ግን ዋጋው በየዓመቱ በቀመር እንዲሰላ ፈቀደለት። ገዢው ፓት ክዊን ውድቅ አደረጉት። ምክር ቤቱ የእሳቸውን ውሳኔ ሽሮ አጸደቀው። በ2016 ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨመረ። ሕጎቹ ጥቅም አልነበራቸውም አልልም፤ ያረጁ መስመሮች ታድሰውባቸዋል። ችግሩ ሕጎቹ ሲወጡ ከጀርባ የነበረው ነገር ነው።

ከ2011 እስከ 2019 ድርጅቱ በሌሎች ኮንትራክተሮች በኩል አዙሮ ለማዲጋን ሰዎች 1.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ሰዎቹ የሠሩት ሥራ ጥቂት ነው፤ አንዳንዶቹ ምንም አልሠሩም። ደመወዙ ግን በየወሩ ይገባል። ክሱ ይህን ለሕጎቹ ሲባል የተሰጠ ጉቦ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን በጣም የሚነካን ይኼ ነውና። ከዚህ ገንዘብ ማዲጋን በእጁ የተቀበለው የለም። ያገኙት ሰዎቹ ናቸው። ምርጫ ሲደርስ በር የሚያንኳኩለት፣ ለዓመታት አብረውት የቆዩ። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ይኼ ግን ራሱ መብላት አይደለም፤ ወዳጅን ማብላት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ወዳጅን ማብላት እንደ ደግነት ይቆጠራል። ጉዳዩን ስከታተል እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። እኔንም የመጀመሪያ ሥራዬ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ያስገባኝ በቤተ ክርስቲያን የማውቀው ሰው ነው። ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ብዙ አሰብኩበት። እኔ ሌሊቱን ቆሜ ሠርቻለሁ። ያስገባኝ ሰው የሕዝብ ሥልጣን የለውም። ለእኔ ሥራ ብሎ ማንም ሕግ አላወጣም። የእኔ ደመወዝ በአንዲት አሮጊት የመብራት ቢል ላይ አልተጫነም። የማዲጋን ሰዎች ጉዳይ በነዚህ ሁሉ የተለየ ነው።

እንዴት ተያዘ? ኢሜይል እንደማይጠቀም ይወራለት ነበር። እጅግ ጥንቁቅ ሰው ነው። ነገር ግን ኤፍቢአይ የቅርብ ወዳጁን የማክሌይንን ስልክ ጠልፎ ያዳምጥ ነበር። ዳኒ ሶሊስ የሚባል የከተማው ምክር ቤት አባል ደግሞ ራሱ በወንጀል ተይዞ ስለነበር በድብቅ እየቀዳ ለመርማሪዎች ይሰጥ ጀመር። በ2020 ኮምኤድ ጥፋቱን አምኖ 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያ ገንዘብ የገባው ወደ ፌዴራሉ ካዝና ነው። በ2021 መጀመሪያ ማዲጋን አፈ ጉባኤነቱን አጣ። በየካቲት የምክር ቤት መቀመጫውንም ለቀቀ። በ2022 ተከሰሰ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025 ጁሪው (ከተራው ሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች) ከ23 ክሶች በ10ሩ ጥፋተኛ አሉት። በ7ቱ ነጻ ነው አሉ። በ6ቱ መስማማት አልቻሉም። ጁን ላይ 7 ዓመት ተኩል እስርና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። ያኔ 83 ዓመቱ ነበር። ኦክቶበር 2025 ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ማረሚያ ቤት ገባ።

«ለሰፈራችን እንደሱ የሠራ የለም» ያለችው የሥራ ባልደረባሽም አልዋሸችም። በደቡብ ምዕራብ ቺካጎ፣ በ13ኛው ዋርድ (የከተማው ምርጫ ወረዳ)፣ ሰዎቹ በየበሩ እየሄዱ የነዋሪውን ችግር ይሰሙ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ይህን አይረሳም። አትከራከሪያት። ግን ያ ሁሉ ውለታ ወደ ድምፅ ይቀየር ነበር፤ ድምፁ ወንበሩን ይጠብቅለታል፤ ወንበሩ ደግሞ ለሰዎቹ ደመወዝ ያመጣል።

ሌላ አስተያየት፦

ወንድሜ፣ ጥሩ አስረዳህ። ግን ልጅቷን ለምን ታደክማታለህ? እዚህ ግዛት አራት ገዢዎች ታስረዋል። ብላጎየቪች ይኸው በ2025 ምሕረት ተደረገለት። ሁሉም ያው ናቸው። እኔ በየአራት ዓመቱ ለፕሬዚዳንት ድምፅ እሰጣለሁ፤ ሌላው ላይ ጊዜዬን አላጠፋም።

መልስ፦

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደ እርስዎ ነበርኩ። የምርጫ ወረቀቱን ስቀበል ላይኛውን መስመር እሞላና የታችኛውን ባዶ እተወዋለሁ። ማዲጋን ለ36 ዓመት የቆየው ግን በዚያ በታችኛው መስመር ነው። የግዛት ምክር ቤት አባል በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል። የፓርቲ ምርጫው በማርች፣ በብርድ ነው፤ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ወረዳ ላይ ነገሩ የሚያልቀው እዚያው ነው። ከእኛ ሰፈር፣ ከሮጀርስ ፓርክና ከኤጅዋተር፣ ጥቂት መቶ አበሾች ብንወጣ ይቆጠራል። ሁሉም ያው ናቸው የሚለውንም አልቀበልም። ያንን ሕግ አንቀበልም ያሉ ነበሩ፤ ስማቸውን ያወቅንላቸው ግን ጥቂቶች ነን።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። አንድ ነገር አደራ። ግሪን ካርድ ይዘሽ ድምፅ አትስጪ፤ ለመራጭነትም አትመዝገቢ። መንጃ ፈቃድ ስታወጪ «መራጭ ልመዝግብሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይሆንም በዪ። በስህተት መፈረም ወደፊት ዜግነት የማግኘት ዕድልሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። የወረዳሽ ተወካይ ቢሮ መሄድ ግን ትችያለሽ። ዜጋ ነሽ ወይ ብለው አይመልሱሽም። የሥራ አጥ ክፍያ ሲዘገይ፣ የግዛቱ ፈቃድ ሲጓተት ደውለው ይጠይቁልሻል። ውለታ አይደለም፤ ለዚያ ነው የሚከፈላቸው። ማንም መልሶ ድምፅ ወይም ሌላ ነገር ቢጠይቅሽ ተነሺና ውጪ።

ቢሉን በተመለከተ፣ ሲቲዝንስ ዩቲሊቲ ቦርድ የሚባል የሸማቾች ተሟጋች አለ። በ1983 በዚሁ ምክር ቤት ሕግ የተቋቋመ ነው። በነጻ ያስረዱሻል። በር አንኳኩቶ «ቢልሽን አሳዪኝ፣ ዋጋ እቀንስልሻለሁ» የሚል ካለ ግን አታሳዪው። አንዱ እንዲህ ብሎኝ አሳይቼው ሳላውቅ የኤሌክትሪክ አቅራቢ ድርጅት ተቀይሮብኝ ለሰባት ወር በውድ ከፍያለሁ።

ጥያቄ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢሉን አውጥቼ እያየሁት ነው። አንዱ ክፍል «ሰፕላይ»፣ ሌላው «ዴሊቨሪ» ይላል። ባለቤቴም አጠገቤ ተቀምጦ እያነበበ ነው። ፎቶ ላንሳውና እዚህ ልለጥፈው?

መልስ፦

አትለጥፊው፤ አካውንት ቁጥርሽ አለበት። «ሰፕላይ» የኤሌክትሪኩ ዋጋ ነው። «ዴሊቨሪ» መስመሩን ዘርግቶ እቤትሽ ድረስ የሚያመጣበት ነው። በ2011 ያ ሁሉ ሩጫ የነበረው ስለዚህ ሁለተኛው ነው። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ከባለቤትሽ ጋር ይዛችሁት ኑ። መስመር በመስመር አብረን እናነበዋለን።