ከአየር የተነሳ ፎቶ ላይ ታንኩ 23 ሜትር ወጣብኝ (ድሬዳዋ፣ የኦጋዴን ጦርነት)

ከዚራ_04
ሰላም ለቤቱ። ከአየር የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አሉ። አንዱ ቀጥታ ከላይ የተነሳ ነው፤ የድሬዳዋ ሐዲድና አጠገቡ የቆሙ ሦስት ባለሰንሰለት ተሽከርካሪዎች ይታያሉ። ሌላው እነዚያኑ ከጎን ዘንበል ብሎ ያሳያል። ጀርባው ላይ «ቲ-55፣ ከፍታ 1,650 ሜትር፣ ሌንስ 152 ሚ.ሜ.» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል። ፎቶው ከኔጋቲቩ እኩል የታተመ ነው፣ አልጎላም። የታንኩ አካል 2.15 ሚ.ሜ. ነው። ከፍታውን ለሌንሱ አካፍዬ ሳባዛ 23 ሜትር ወጣ። ምን አጠፋሁ? ለመሆኑስ ቲ-55 ነው ወይስ ቲ-62?

ጀጎል_ሌንስ
አቦ፣ 23 ሜትር እኮ ባቡር ነው! የአውሮፕላኑ ከፍታ መለኪያ የሚቆጥረው ከባሕር ወለል ነው። ድሬዳዋ ራሷ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ስለዚህ ካሜራው ከመሬት 450 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የነበረው። 450 ሲካፈል ለ0.152፣ መስፈርቱ 1፡2,960 ይሆናል። 2.15 ሚ.ሜ. በዚህ ሲባዛ 6.36 ሜትር።

ግን በዚህ ቁጥርም አትተማመን። አየር ማረፊያው ወደ 1,170 ሜትር ነው፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ ከፍ ይላል። ከመሬት 450 ሜትር ላይ ሆኖ የ50 ሜትር ስህተት 11 በመቶ ነው። ሐዲዱ እያለልህ ለምን ትቸገራለህ? የድሮው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ብረቶች መካከል ልክ 1 ሜትር ነው። ፎቶውን በ2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 2400 ነጥብ) ስካን አድርግና ፒክስሉን ቁጠር። የደቻቱን ወንዝ ዳርቻ ግን ለመለኪያ አትጠቀም፤ የ1998ቱ ጎርፍ ብዙ ቦታ ለውጦታል። አሁንም የቆመ የጣቢያ ሕንፃ ፎቶው ላይ ካለ በሜትር ለክተህ አመሳክር፤ ከ1 ሜትር ይልቅ 30 ሜትር ላይ የሚፈጠር ስህተት ያንሳል።

ሰንሰለት
ከጀጎል_ሌንስ ጋር እስማማለሁ፣ ግን ቲ-55ን ከቲ-62 በርዝመት ለመለየት አትድከም። የአንዱ አካል 6.45፣ የሌላው 6.63 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 3 በመቶ አይሞላም፣ በሐዲዱ ላይ ሁለት ፒክስል ብትስት ይጠፋል።

መጀመሪያ ርዝመቱን ለስፋቱ አካፍል። ለዚህ የፎቶው መስፈርትም ከፍታም አያስፈልግም። ቲ-55 ወደ 1.97 ይመጣል፤ ባለጎማዎቹ ብረት ለበሶች ደግሞ፣ ቢቲአር-60 ወደ 2.67፤ ቢቲአር-152 ወደ 2.8። ኤም-47 ታንክ እና ኤም-113 የሚባለው ሰው ማጓጓዣ ብረት ለበስ ሁለቱም 1.81 ናቸው፣ እነሱን የሚለያቸው መጠን ነው፦ 6.36 በ3.51 እና 4.86 በ2.69። አፈሙዙን አትቁጠር፤ ቲ-55 ከነመድፉ 9 ሜትር ነው። ጥላ ያረፈበትም ጎን ስፋቱን ያሳብጣል።

ሌላው የፍጥነት ነገር። ጄት በሰዓት 900 ኪ.ሜ. እየበረረ በ1/500 ሰከንድ ቢያነሳ በዚያች ቅጽበት 50 ሳ.ሜ. ይሄዳል፤ ምስሉ በበረራው አቅጣጫ ይለጠጣል። ከሦስቱ አንዱ ወደ ጎን ዞሮ ከቆመ እሱንም ለካና አወዳድር።

የመጨረሻው ዳኛ ከጎን የተነሳው ነው። ቲ-55 አምስት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። ቲ-62ም አምስት ነው፣ ክፍተቱ ግን ወደ ኋላ ነው። የጭስ ማስወገጃው እብጠት በቲ-55 አፈሙዝ ጫፍ ላይ ነው፣ በቲ-62 ከጫፉ ወደ ኋላ ገባ ይላል። ኤም-47 ከሆነ ስድስት ጎማ፣ በላያቸው ሰንሰለቱን የሚሸከሙ ሦስት ትናንሽ ጎማዎች፣ ከቱሬቱም (መድፉን ከያዘው ተሽከርካሪ አናት) ኋላ ረጅም ሳጥን የመሰለ ጅራት ታያለህ። በሩሲያዎቹ፣ በቲ-55ና በቲ-62፣ ሰንሰለቱ ትልልቁ ጎማ ላይ ረግቦ ይተኛል፣ ትናንሾቹ የሉም።

ከዚራ_04
አመሰግናለሁ። ሐዲዱ 32 ፒክስል፣ ታንኩ 203 በ112። ማለት 6.34 በ3.5 ሜትር፣ ሲካፈል 1.81። ወደ ጎን የቆመውም ከዚህ አይርቅም። ከጎን በተነሳው ላይ ስድስት ጎማ ቆጥሬያለሁ፣ ትናንሾቹ ጎማዎች ግን በአቧራ ተሸፍነዋል። ታዲያ ጽሑፉ?

ሰንሰለት
ኤም-47 ነው። ጽሑፉ ከፎቶው ብዙ ቆይቶ በሌላ እጅ የተጨመረ ሊሆን ይችላል፤ የከፍታው ቁጥር ትክክል ስለሆነ የታንኩም ስም ትክክል ነው ማለት አይደለም። የማን ወገን እንደሆነ ግን በዓይነቱ ብቻ አትፍረድ። ቲ-34ንም ቲ-55ንም ሁለቱም ወገኖች ነበሯቸው፤ አሜሪካ ሠራሹ ኤም-47 የኛ ጦር ቢሆንም የተማረከ ሊሆን ይችላል። ቱሬቱ ላይ ቁጥር ወይም ምልክት ካለ ያንን ክፍል በ4800 ስካን አድርገህ ለጥፍ።

ጀጎል_ሌንስ
ስካን ስታደርግ ጥላው ወደ አንተ እንዲወድቅ ፎቶውን አዙረው፤ ካለዚያ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ታንክ ጉብታ ላይ የወጣ ይመስላል። ኔጋቲቩ ከተገኘ ደግሞ የትኛው ገጽ ወደ ታች እንደሆነ አረጋግጥ፤ ከተገለበጠ የቱሬቱ ቁጥር እንደ መስታወት ይነበባል።