ተራራ የሚገለበጥበት የእንግሊዞች ሥዕል

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። ትናንት የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የጆን ማርቲንን «የቁጣው ታላቅ ቀን» ስልኬ ላይ አየሁት። በፈረንጅ ከ1851 እስከ 1853 የተሣለ ነው። ሰማዩ ደም ለብሷል፣ ተራራው ከነከተማው ተገልብጦ ወደ ገደል ይወርዳል፣ ሰው ከሥር ጉንዳን አክሏል። ቀና ስል የደሴያችን ተራራ ጦሳ ጭጋግ ለብሶ ቆሟል፤ እውነቴን ነው፣ ሰቀጠጠኝ። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እኛ ቤተ ክርስቲያን የፍርድ ቀን ሲሣል ጌታ መሃል ነው፣ ጻድቃን በቀኝ፣ ኃጥአን በግራ። ለተራራ ማን ቦታ ይሰጣል? እነሱ ምን ነክቷቸው ነው?

ወለተ ሐይቅ፦
ወንድሜ፣ ራእይ ምዕራፍ 6ን ግለጥ። ስድስተኛው ማኅተም ሲፈታ ተራሮች ከስፍራቸው ይነሳሉ፣ ነገሥታቱም ዋሻ ገብተው ተራራውን «ውደቅብን» ይሉታል። ስለዚህ ተራራው ከራሱ ከመጽሐፉ ነው የመጣው። ሌላው ሠዓሊ ፍራንሲስ ዳንቢም ይችኑ ምዕራፍ በ1828 ሥሏታል። ደግሞ ዘመኑን አትርሳ፣ የከሰልና የብረት ፋብሪካ አገሩን የወረረበት ጊዜ ነው። የማርቲን ልጅ እንዳወራው አባቱ ለዚህ ሥዕል ሐሳቡን ያገኘው በዚያ በፋብሪካው አገር በሌሊት ሲያልፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እቶን ሲነድ ያየ ሰው ሲኦልን ለመሣል ብዙ አይቸገርም።

የቦርከናው፦
እኛም ሙስሊሞቹ ቂያማን፣ የፍርዱን ቀን፣ የምናውቀው በተራራ ነው። ቁርኣን ውስጥ አል-ቃሪዓ ምዕራፍ ላይ ተራሮች እንደተነደፈ ሱፍ ይሆናሉ ይላል። ጦሳ ላይ ያየኸው ጭጋግ ሱፍ አይመስልም? እንግሊዙ ግን ተራራውን እንደ ድንጋይ ነው የጣለው፣ ክብደቱ ይሰማል።

ቀለም ቀቢው፦
እኔ ማርቲን አይዋጥልኝም። እኛ ጋ ሥዕል ፊት ይጸለያል፣ የሱ ግን ትዕይንት ነው። በ1854 ከሞተ በኋላ ሦስቱን የፍርድ ሥዕሎቹን እንግሊዝና አሜሪካ አዞሯቸው፣ ሕዝቡም ጎረፈ። ከዛ ፋሽኑ አለፈና በ1935 ሦስቱም በ7 ፓውንድ ተሸጡ! አሁን ለንደን ቴት ሙዚየም ናቸው። የምሩን የነበረው ወንድሙ ጆናታን ነው፤ በ1829 የዮርክን ካቴድራል አቃጠለና እብድ ነው ተብሎ ተዘጋበት።

የጦሳ ልጅ፦
ኧረ ጉድ! ሦስተኛውን አሁን ከፈትኩት፣ «የሰማይ ሜዳዎች» የሚሉትን። ሰማያዊ ውኃ፣ ዙሪያውን ተራራ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች። ወለተ ሐይቅ፣ ያንቺን ሰፈር ሐይቅን ቁርጥ! ምነው ከሱ በጀመርኩ።