ለእናቴ ሁለት ጥማድ መሬት ማሽን ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። እናቴ ጎጃም ናት፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ መሬቷን ለእኩል እያሰጠች ነው የምትኖረው። ሴት ሞፈር አትጨብጥም ይባላል፣ በሬም የላትም። ጤፉ ተወቅቶ ሲያልቅ ግማሹ ለአራሹ ሲጫን ቆማ ታያለች፣ ይሄ ነገር በጣም ያመኛል። ትራክተር ተከራይታ ብታሳርስ ይሻላል?

መልስ 1፦ ትልቁ ትራክተር ለሁለት ጥማድ ብቻ ብሎ አይመጣም። ማሳቸው የተያያዘ ጎረቤቶቿን ታነጋግርና በአንድ ቀን ይታረስላቸው። በእጅ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማም ለትንሽ ማሳ ጥሩ ነው፣ ግን በእጀታ እየዞረ የሚነሳውን ተዉት፣ ጉልበት ይጨርሳል፤ በቁልፍ የሚነሳ ፈልጉ።

መልስ 2፦ እህት ነኝ፣ እኔ ከመውቂያ ጀምሩ እላለሁ። ሁሉም የሚያወራው ስለ እርሻ ነው። አውድማውን በእበት የምትለቀልቀው፣ ለደቦው ጠላ የምትጠምቀው፣ እንጀራ የምትጋግረው ማን ሆነችና? መውቂያ ማሽን ሲመጣ ሸራ ተነጥፎ በሰዓታት ያልቃል፣ ጤፉም ከአፈር አይቀላቀልም።

መልስ 3፦ መግዛት ካሰባችሁ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ ይገባል። መሬት አይሸጥም፣ ባንክ ደግሞ ለብድር ቤት አስይዙ ይላል፤ ሴቶቹ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ግን ማሽንና ከብትም ዋስትና ይሆናል። ብድሩን ብቻዋን ሳይሆን በቡድን ትጠይቅ። የይዞታ ደብተሩ በስሟ ነው?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ፎቶዋም አለበት። ከመውቂያው እንጀምራለን፣ እሁድ ደውዬ እነግራታለሁ።