የማዋለጃ ክፍሉ ፍሪጅ ቆሟል፣ ኦክሲቶሲኑን ምን ላድርገው?

ጠያቂ (አዋላጅ ነርስ፣ ጣና ዳር)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የማዋለጃ ክፍላችን ፍሪጅ ቆሟል። መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ አልነሳ አለ። ኦክሲቶሲኑ (ማህፀን አኮማትሮ ከወሊድ በኋላ መድማትን የሚከላከለው መርፌ) በሙሉ ውስጡ ነው። ሁለት እናቶች ምጥ ላይ ናቸው፤ አንዷ ከዘጌ የመጣች፣ አምስተኛ ልጇን የምትወልድ ናት። ልጠቀምበት ወይስ ልጣለው?

ባዮሜዲካል፦ እህቴ፣ ድምፅ አለው ወይስ ጭራሽ ዝም ብሏል? ስታቢላይዘር (የመብራት ኃይል ማስተካከያው) ላይ ነው የተሰካው? ስታቢላይዘር መብራት እንደመጣ ወዲያው አይለቅም፣ ጥቂት ደቂቃ ይይዛል። ነቅለሽ ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ሰኪው። ቶሎ ቶሎ አታብሪው፣ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል።

የጎጃሙ፦ የባሕር ዳር ሚያዝያ እኛን ጥላ ሥር እያስቀመጠን ፍሪጁ ምን ያድርግ! ለሁለቱም እናቶች ማርያም በሽልም ታውጣቸው።

ሲስተር፦ በሩን እየከፈታችሁ አትዩት። ወደ ክትባት ክፍሉ ፍሪጅ አዛውሩት። ለብቻው ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ በትልቁ ተጽፎበት፣ ከክትባት ጋር እንዳይምታታ።

ጤና መኮንን፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ሣጥኑን አንብቢ፣ «ከ25 ዲግሪ በታች» የሚል አለ። መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን ስንት እናት አዋልደናል። ያለ ነገር አትጨናነቂ።

ፋርማሲስት፦ ወንድሜ፣ እንደዚያ የሚል ሣጥን መኖሩ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ሁሉም ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ነው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ስለመሥራቱ በምን አወቅህ? ኦክሲቶሲን ሲዳከም ቀለሙ አይለወጥም፣ አይደፈርስም። አምፑሉ እንደጠራ ነው። መዳከሙ የሚታወቀው ማህፀኗ አልኮማተር ብሎ ደሙ ሲወርድ ነው። እህቴ፣ ፍሪጁ ከቆመ ስንት ሰዓት ሆነው?

ጠያቂ፦ ማታ ነው መሰለኝ። ጠዋት ስገባ ቴርሞሜትሩ 19 ይላል። ነቅዬ ሰካሁት፣ አሁንም ዝም ነው። ክትባት ክፍሉ ተቆልፏል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ከተማ ወርዷል።

አዋላጅ፦ ሌላውን ማህፀን የሚያኮማትር መርፌ፣ ኤርጎሜትሪን ካለሽ እሱን ስጪያት፣ ጭንቅ የለውም።

ፋርማሲስት፦ ኤርጎሜትሪንም ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ብርሃንም ይጎዳዋል። ደም ግፊት ላለባት ደግሞ በፍጹም አይሰጥም።

አሁን የምታደርጊው ይኸው ነው። መድኃኒቱን አትጣዪው፤ የአንድ ሌሊት 19 ዲግሪ አይገድለውም። ለአውትሪች፣ ከጤና ተቋሙ ውጭ ለመከተብ ስትወጡ የምትይዙትን የክትባት መያዣ ፈልጊ። በረዶ ከቅርብ ሆቴል ፍሪዘር ይገኛል። አይስ ፓኩን ግን ከፍሪዘር እንደወጣ አትክተቺው። ላዩ እስኪያልበው፣ ስትነቀንቂውም ውስጡ ውሃ እስኪሰማ ውጭ ይቆይ። አምፑሎቹን በወረቀት ጠቅልያቸው፣ በረዶውን እንዳይነኩ። ኦክሲቶሲን መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም። ሣጥኑ ላይ የዛሬን ቀን ጻፊና መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ለቀናት ሞቆ የቆየ ካለ ለይተሽ ለፋርማሲ አስረክቢ።

መጠባበቂያ እንዲሆን ሚሶፕሮስቶል፣ ማህፀን የሚያኮማትረው ኪኒን፣ እጅሽ ላይ ይኑር። ፍሪጅ አይፈልግም። ኦክሲቶሲኑ ካላስተማመነሽ ልጁ ከተወለደና ሌላ ልጅ አለመኖሩን ካረጋገጥሽ በኋላ 600 ማይክሮግራም በአፍ፣ ማለትም ባለ 200ውን ሦስት ፍሬ።

ሲስተር፦ ክትባት ክፍል አዛውሩት አልኩ እኮ።

ባዮሜዲካል፦ ሲስተር፣ ተቆልፏል ብላለች።

የጥራት ቡድን አባል፦ ይቅርታ፣ ላስረዝም ነው። ፍሪጁ ቢሠራም ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም መጠን በዓይን ከተገመተ እናት ትሞታለች። ዓይን ብዙ ጊዜ አሳንሶ ነው የሚገምተው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች የተሠራው ኢ-ሞቲቭ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። ከእናትየው ሥር ምልክት ያለበት የደም መለኪያ ፕላስቲክ አነጠፉ። ደሙ ልክ ሲያልፍ ማህፀን ማሸት፣ ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (መድማትን የሚቀንስ መድኃኒት)፣ ግሉኮስና የመሳሰለው ፈሳሽ በደም ሥር፣ ከዚያም ምንጩን መፈተሽ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሳይጠባበቁ። ከባድ መድማትና ከእሱ የሚከተለው ቀዶ ሕክምናና ሞት ተደምሮ በ60 በመቶ ቀነሰ። እኛ ግን ጥራት ሲባል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ግራፍ ይመስለናል።

አዋላጅ፦ ቆንጆ ብለሃል። ግን ለደም መተኪያ ግሉኮስ አይደለም፣ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ነው። ልጆች እንዳያነቡት አርመው።

የጥራት ቡድን አባል፦ ልክ ነሽ፣ ሳላይን ወይም ሪንገር። ጠያቂ፣ ለአምስተኛ ወላጇ ደም ሥሯን ከአሁኑ ክፈቺ። አምቡላንሱም ወደ ባሕር ዳር ለመነሳት ነዳጅ እንዳለው አሁኑኑ ይጠየቅ። ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም፣ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ነው የሚሠራው።

ባዮሜዲካል፦ ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ጥቁር ፍርግርግ በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነ እዪልኝ። የበሩ ጎማም ወረቀት አስገብተሽ ስትስቢው ይይዛል?

የወረታ ልጅ፦ ጠያቂ ምን ላይ ደረሳችሁ? እኛም ጋ ፍሪጅ አለ፣ ቴርሞሜትር ግን የለውም። ከማን ነው የሚጠየቀው?

ፋርማሲስት፦ ከወረዳው የክትባት አስተባባሪ ጠይቁ። እስኪመጣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉና ጠዋትና ከሰዓት የሚያየውን ሰው በስም መድቡ። ስም ካልተጻፈ ማንም አያየውም።