የደሴን ስም ልቀይረው ወይስ ልተወው?

የሆጤ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚሆነው ደሴ ነው። ሆጤ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሰፈራችን ውስጥ ቡና እያፈላች በመሸጥ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ሁለት ነገር አስጨንቆኛል።

ሰፈሩ ከታወቀ ሴትዮዋም ትታወቃለች፤ ልጆቿ ዛሬም እዚያው ናቸው። የከተማዋን ስም ትቼ «አንዲት የደጋ ከተማ» ብዬ ልለፈው? ሌላው ደግሞ፣ ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ «ከተማው ይታየኛል፣ ሴትዮዋ ግን ፎቶ ሆነችብኝ፤ አትንቀሳቀስም» አለችኝ። ደራሲዎቻችን ይህን እንዴት ነው የተወጡት?

ቅኔ ቤት

እህቴ፣ የከተማዋን ስም አትንኪው። ደሴን «አንዲት የደጋ ከተማ» ያልሽ ቀን የጦሳ ተራራም የለም፣ ጭጋጉም የለም፣ ሸዋ በርም የለም። ከተቀየረ ሴትዮዋ ትቀየር።

ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከተማሪዎቼ ጋር ስናነብ ሁሌ የምጠይቃቸው ጥያቄ አለ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ከጎጃም አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ብታስቀምጡት ከታሪኩ ምን ይቀራል? መጀመሪያ «ፍቅሩ ይቀራል» ይላሉ። ቆይተው ሲያስቡት ፍቅሩም አይቀርም። ልጁ ገና ከሕፃንነቱ የስለት ልጅ ነው። ስለቱ ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ይወስደዋል፤ ቅኔው ከማንኩሳ አውጥቶ ዲማ ያደርሰዋል፤ ዲማ ደግሞ ፊታውራሪ መሸሻ አሉ። እዚያ ቤት የገባው የልጃቸው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ነው። የተማረ ባይሆን ያ በር አይከፈትለትም ነበር። በሩን የከፈተለት ትምህርት ግን የፊታውራሪን ልጅ ለማግባት አላበቃውም፤ የዘር ሐረግ የሚቆጠርበት አገር ነዋ። እንግዲህ ታሪኩን ከላይ እስከ ታች የሚገፋው የቦታው ሥርዓት ነው።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ሥርዓት ከውስጥ ያውቁታል። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ደግሞ ብዙ ዓመት በዲፕሎማትነት ውጭ አገር ኖረው ነበር። ይህን የምነግርሽ ሜሪላንድ ሆነሽ ስለምትጽፊ ነው። ርቀቱ አያስፈራሽ።

ጉዱ ካሳንም እይው። ያን ሁሉ የባላባት ሥርዓት የሚተቸው ሰው ራሱ የፊታውራሪ ዘመድ ነው። እንግዳ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ተናግሮ ይባረር ነበር። ዘመድ ስለሆነ ግን ከዚያ ቤት አይጠፋም፤ «ጉዱ» ብለው ስም አውጥተው፣ እንደ እብድ ቆጥረው ይሰሙታል። ጠባዩ ብቻውን አልተፈጠረም፤ የቆመበት ቦታ አለው።

ሴትዮሽ ፎቶ የሆነችው ምንም ስለማትፈልግ ይመስለኛል። አንድ ነገር ትፈልግ፤ ደሴ ደግሞ ትከልክላት። ለምሳሌ የነሐሴ ሳምንት ውሰጂ። ዝናቡ አላቆመም፣ ጭቃው አላስኬድ ብሏል፣ ቡና ጠጪው ቤቱ ቀርቷል። አከራይዋ ቅዳሜ ትመጣለች። ከሰሉ እርጥብ ነው፤ አይያያዝም። ያን ሳምንት ምን ትሸጣለች? ማን ዘንድ ሄዳ ትለምናለች? ማንንስ ሞታ እንኳ አትለምንም? ለነዚህ መልስ ስታገኚ ሴትዮዋ መራመድ ትጀምራለች።

ከእውነተኛዋ ሴት አንድ ሁለት ነገር ይበቃሻል። ጀበናዋን እንዴት እንደምታሳርፍ፣ ሰው ሲያናድዳት ምን እንደምትል። ባሏን፣ ልጆቿን፣ ሕመሟን፣ ምሥጢሯን ግን አንቺ ፍጠሪ።

ደብረ ሲና

በቅኔ ቤት ሐሳብ እስማማለሁ፤ እኔ ግን ንግግሩ ላይ ልጨነቅ። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) አንብቢ። ቦታው ሸዋ ውስጥ ያለችው አርማንያ ናት፣ የእኛ አገር። የገጠር ባለርስት የሆኑት ወይዘሮ አሰጋሽና የተማረው ወጣት አደፍርስ በአንድ ዓይነት አማርኛ አያወሩም። የማን ተራ እንደሆነ ሳይነገርሽ ከአፋቸው ታውቂያቸዋለሽ። መጽሐፉ ይከብዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ዝግ ብሎ ማንበብ ይጠይቃል። አያቴ ስታወራ የምሰማውን አማርኛ በመጽሐፍ ያገኘሁት ግን እዚያ ነው። የአንቺ ሴትዮ የወሎ አማርኛዋን ታውራ። የአዲስ አበባ ሬዲዮ አማርኛ አታልብሻት።

ማኅደር

ስለ ሴትዮዋ ልጆች ያነሳሽው ነገር ቀላል አይደለም። በዓሉ ግርማ ከሚያውቃቸው ሰዎች በመቅዳት የታወቀ ደራሲ ነው። «ደራሲው» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ሲራክ፣ ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ተብሎ በሰፊው ይነገራል። «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያወጣ ደግሞ የቀዳው ከባለሥልጣናት ነበር። ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ሆኖ ነገሩን በዓይኑ አይቷል። ስማቸውን ቀይሯል፤ አንባቢ ግን ማን ማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። መጽሐፉ ታገደ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ።

አንቺን ማንም አያስርሽም። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። በዓሉ የጻፈው ሥልጣን ስላላቸው ሰዎች ነው፤ መልስ መስጠት ይችሉ ነበር፣ ሰጡም። ቡና ሻጭ ሴት መልስ የምትሰጥበት መጽሐፍ የላትም። ስለዚህ ስሟን መቀየር አይበቃም። ጎረቤቶቿ ካነበቡት በኋላ «እሷ ናት» ብለው የሚያፍሩላት ነገር ካለ አውጪው።

ሰኞ ገበያ

የአገሬ ልጅ! ደሴን እንዳትቀይሪብን። እኔ እስካሁን እዚሁ ነኝ። እንዳትረሺ የምፈልገው ነገር አለ። ጠዋት አዛኑና ቅዳሴው አንድ ላይ ይሰማሉ፤ ቡናው ላይም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀመጣል። በጾምና በረመዳን ወቅት ማን መጥቶ ማን እንደሚቀር ሴትዮሽ በልቧ ታውቃለች፤ ስንት ስኒ እንደምታጥብ የሚወስነው እሱ ነው። ደግሞ ከተማችን ዳገት ናት። ውሃ ተሸክሞ የወጣ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ አያወራም፣ ይተነፍሳል። እንግዳ ስታስገቢ ይህን አስቢበት።

የሆጤ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ደሴ ደሴ ብላ ትቀመጣለች። ሴትዮዋን ከሆጤ አውጥቼ ሌላ ሰፈር ላደርጋት ነው፤ ልጆቿንም በአንድ ወንድም ልተካቸው። ማኅደር ያልሽው ነገር ካለ ብዬ ሳየው አንድ ምዕራፍ ሙሉ የሚወጣ አለ።

ሰኞ ገበያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ክረምት ላይ እርጥብ ከሰል የሚያያይዙት በምንድን ነው? እኛ ቤት በአሮጌ ላስቲክ ነበር። ሌላው ቤት ምን እንደሚያደርግ ማወቅ እፈልጋለሁ።