«እመጣለሁ» ካሉ በኋላ መቅረት ነውር ነው?

ጠያቂው፦ ወገን፣ ፍረዱኝ። ለድኅረ ዶክትሬት የምርምር ቦታ (ዶክትሬት ከጨረሱ በኋላ ለሚያዝ ጊዜያዊ ሥራ) ሳመለክት ከርሜ አንድ ፕሮፌሰር ተቀበለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በኢሜይል «እሺ፣ እመጣለሁ» ብዬዋለሁ። ውል ግን አልፈረምኩም። ትናንት ደግሞ ከመጀመሪያውም ልቤ ያለበት ላብ (ቤተ ሙከራ) ጠራኝ። የቀደመውን ብተወው ነውር ነው?

ላብ ያሸበተኝ፦ ነውር ነዋ! አንተ እሺ ስትል እኮ ሰውየው ለሌሎቹ «ቦታው ተይዟል» ብሎ ጽፎላቸዋል። የምርምር ገንዘቡም ማብቂያ ቀን አለው፣ አንተን ሲጠብቅ ወራት ይበሉበታል።

ሁለተኛ ውል ላይ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ታማኝነት ለምን ከአንድ ወገን ብቻ ይጠበቃል? የእኛ ውል አብዛኛው ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ቤተሰብ ይዘህ ብትመጣም ባትመጣም «ይቅናህ» ተብለህ ትሸኛለህ፣ ያን ጊዜ ነውር የሚል የለም።

ደንብ ጠቃሽ፦ አሜሪካ ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የኤፕሪል 15 ስምምነት የሚባል አለ። የፈረሙት ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያቀረቡለትን ተማሪ ከዚያ ቀን በፊት መልስ አምጣ ብለው አያስገድዱም። ድኅረ ዶክትሬትን ግን አይመለከትም። ስለዚህ አንዱ ፕሮፌሰር ሳምንት ይሰጥሃል፣ ሌላው «ነገ አሳውቀኝ» ይልሃል።

ላብ ያሸበተኝ፦ ታዲያ ጊዜ መጠየቅ ነበረበታ! «ሌላ ቦታም መልስ እየጠበቅሁ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይስጡኝ» ቢለኝ እኔ አልቀየምም።

ሁለተኛ ውል ላይ፦ እርስዎ አይቀየሙ ይሆናል። እኔ ግን እንደዚያው ብዬ ጠይቄ ሰውየው ድምፁን አጠፋ። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

ተጠባባቂዋ፦ እኔም በሌላ ቦታ እንደዚያው «ቦታው ተይዟል» የተባልኩ ሰው ነኝ። ከሁለት ወር በኋላ «አሁንም ትፈልጊያለሽ?» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ለካ የተመረጠው ሰው ትቶት ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ያውም ብዙም የማልወደው ቦታ፣ ፈርሜያለሁ። መተዉ አይደለም የጎዳኝ፣ ሁለት ወር ዝም ማለቱ ነው። ወንድሜ፣ የምትተወው ከሆነ ዛሬውኑ ንገረው።

ላብ ያሸበተኝ፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። ግን ሙያው ጠባብ ነው፣ ነገ ጽሑፉን የሚገመግመው ያው ሰው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ውል ላይ፦ ይሄማ ፍርሃት እንጂ ሥነ ምግባር አይደለም።

ደንብ ጠቃሽ፦ ወደ ፊርማው ነገር እንመለስ። ውል ቢፈርም ኖሮ የማቋረጫ ጊዜው እዚያው ላይ ይጻፍ ነበር። አሁን የያዘው ቃሉ ብቻ ነው።

ላብ ያሸበተኝ፦ ቃሉ ብቻ? ቃል ካላሰረው ምን ሊያስረው ነው?

ጠያቂው፦ እሺ፣ ኢሜይሉን ጽፌዋለሁ፣ ገና አልላክሁትም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ሌላ ላብ አገኘሁ ልበል ወይስ «በግል ጉዳይ» ብዬ ልለፈው?

ተጠባባቂዋ፦ እውነቱን። በግል ጉዳይ ብለህ ከሦስት ወር በኋላ ፎቶህን እዚያኛው ላብ ድረ ገጽ ላይ ሲያየው ምን ልትለው ነው?