«ሃምሳ ሃምሳ ነው» ያለው ሰውዬ

የደላንታ ልጅ፦ ትናንት ደሴ የወላጆች ስብሰባ ነበር። እህቴ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ አባታችንን ወክዬ ሄድኩ። አንድ ወላጅ «ከመቶ ሃምሳ የተባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በጦርነት የተጎዱ አካባቢዎችን ያገናዝብ» አለ። ሌላው ብድግ ብሎ «ሃምሳ ሃምሳ ነው! ወሎም ሆነ አዲስ አበባ» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። የደላንታ ገጠር ልጅ ሃምሳና ቤተ ሙከራ ውስጥ የተማረ ልጅ ሃምሳ አንድ ነው?

መምህር ከኮምቦልቻ፦ እኔም ብኖር አጨበጭብ ነበር። ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ዓመት አለፈኝ። በፊት መልሱ ከወረቀቱ ቀድሞ በቴሌግራም ሲዞር አይተናል። በ2013ቱ ፈተና ሥነ ዜጋ ሳይቆጠር ቀርቶ ውጤቱ ከ600 የተያዘው ለምን ነበር? የ2014ቱ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። አስለቀሰን፣ ግን እውነቱ ያ ነበር። አሁን ነጥብ እናስተካክል ካልን ወደ ውሸቱ ተመለስን።

የሆጤ እናት፦ መምህር፣ አክብሬዎታለሁ። ግን «ውሸት» ያሉት አመመኝ። ልጄ የ2013 ተፈታኝ ናት። ፈተናው ቀናት ሲቀሩት፣ ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ሲደርስብን ከደሴ በእግር ወጣን። ደብተሯን ትተን ብርድ ልብስ ያዝን። ኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ተዘርፏል። ጥር ላይ በጦርነቱ ላመለጣቸው የተሰጠውን ሁለተኛ ዙር ተፈተነች። የእሷ ውጤት ውሸት ነው?

መምህር ከኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ ይቅር በሉኝ፣ ውሸት ያልኩት ኩረጃውን ነው። ልጅዎትን አይደለም።

ቁጥር ይናገር፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። «ሃምሳ» ራሱ የተለወጠ ቁጥር ነው። ፊዚክስ ለዓመታት 50 ጥያቄ ነበር፣ ባዮሎጂ 100፣ እንግሊዝኛ 120። ሁሉም ወደ መቶ ይመጣል። ስለዚህ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ሁለት ነጥብ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ከአንድ ነጥብ በታች። ይህን ማንም ፍርደ ገምድልነት ብሎት አያውቅም። ታዲያ ነጥብ አይነካም የሚባለው ምኑ ነው?

መምህር ከኮምቦልቻ፦ መለወጥና ማስተካከል ለየቅል ናቸው! ከመቶ ማስላት ለሁሉም ተማሪ እኩል ይሠራል። አካባቢ አይቶ መጨመር ግን ስጦታ ነው።

ቁጥር ይናገር፦ «ስጦታ» ያሏትን እንያዛት። የመጀመሪያው ዙርና የጥር ወሩ ዙር ወረቀት የተለያዩ ናቸው። ሁለት ወረቀት እኩል አይከብድም። አንዱ ከብዶ ከሆነ 45 ያመጣው ልጅ በሌላኛው 52 ሊያመጣ ይችል ነበር። እሱን ማመዛዘን ስጦታ አይደለም፣ የቀማነውን መመለስ ነው። እንግሊዝ አገር የኤ ሌቨል፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው፣ መቁረጫ ነጥብ እኮ እንደ ወረቀቱ ክብደት በየዓመቱ ይለዋወጣል።

የሸዋ በር ልጅ፦ እንግሊዝን ተዋት። እኔ ያልገባኝ «የደላንታ ልጅ» ደሴን እንደ ባለጸጋ መቁጠሩ ነው። እኛም ተዘርፈናል። በአንድ ዴስክ አራት ሆነን ተምረናል።

የደላንታ ልጅ፦ ደሴን መች አነሳሁ? አዲስ አበባ ነው ያልኩት።

የሸዋ በር ልጅ፦ «ቤተ ሙከራ» ስትል እኛን መስሎኝ። ከተማ ሁሉ ቤተ ሙከራ የለውም፣ ወንድሜ።

የሆጤ እናት፦ ልጆች፣ አትጣሉ። ሁላችንም ወሎ ነን።

የሪሚዲያል ልጅ፦ እኔ በሪሚዲያል፣ ሃምሳ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ አልፌ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። አሁን ትምህርቴን በደህና እየቀጠልኩ ነው። ሃምሳን በአንድ ቀን አላመጣሁም፣ በኋላ ግን ቻልኩ። መምህር፣ ሪሚዲያልስ ስጦታ ነው?

መምህር ከኮምቦልቻ፦ አይደለም። አስተምሮ እንደገና ይፈትናል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ ልጁን እርዱት እንጂ ቁጥሩን አትንኩት። ግማሽ ያመጣው በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ነው። ሳይነካም ከፍ እያለ ነው።

የደላንታ ልጅ፦ ያ የአገሩ ቁጥር ነው፣ ጋሼ። እኛ ጋ ከ2015 ክረምት ወዲህ በተኩስ የተዘጋው ትምህርት ቤት ስንት ነው? እህቴ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። አሥራ አንደኛን የተማረችው በግማሽ መጽሐፍ ነው። ወረቀቱ ግን ሙሉውን ይጠይቃታል። ያልተማረችውን ጠይቆ «ሃምሳ ሃምሳ ነው» ማለት ይከብደኛል።

ቁጥር ይናገር፦ ሪሚዲያልም እኮ መቁረጫ አለው፤ ለሴቶችም ለታዳጊ ክልሎችም ዝቅ ይላል። ስለዚህ አካባቢ የሚያይ አሠራር አለ። ጥያቄው ወሎ ለምን አይታይም ነው።

የሸዋ በር ልጅ፦ እና ዝቅ ሲል ልጆቻችን ግቢ ውስጥ «በድጎማ የገባህ» አይባሉም? እኔ ያንን ስም ለወንድሜ አልፈልግም።

የሪሚዲያል ልጅ፦ ይባላል። እኔ ተብያለሁ። ከቤት ከመቅረት ግን ይሻላል።

መምህር ከኮምቦልቻ፦ የደላንታው ልጅ፣ ስለ ግማሽ መጽሐፉ ያልከው አሳዘነኝ። እህትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ መድረስ ከቻለች ፊዚክሱን በነፃ አስጠናታለሁ። ማስታወሻዬንም ፎቶ አንስቼ እልካለሁ። በአቋሜ ግን እንዳለሁ ነኝ።

የደላንታ ልጅ፦ አላህ ይስጥዎት ጋሼ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ራሴ አመጣታለሁ። እኔም በአቋሜ ነኝ።

የሆጤ እናት፦ የእኔ ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ። የጥር ወሩን ዙር ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር ማን አመዛዘነው? ያኔ ቅሬታ አስገብተን ነበር፣ እስካሁን መልስ የለም። ልጄ በአምስት ነጥብ ነው የቀረችው።

የሸዋ በር ልጅ፦ በአምስት? የእኔ ወንድም በሦስት!